ከጣሪያ የተንጠለጠለው ወንበር

ወንበሩ እግር የለውም። ወለሉ ላይ የሚያስረው ቡሎን፣ ከሥሩ የተደረደረ ሞላ፣ የታጨቀ ስፖንጅ የሚባል ነገርም የለውም። ከመኪናው ጣሪያ በወረደ ሽቦ የተንጠለጠለ ሸራ ብቻ ነው፤ የሚቀመጥበትን ሰው እንደ አንቀልባ ይይዘዋል። በ1939 (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲትሮይን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለሙከራ በሠራቸው 250 ያህል ትንንሽ መኪኖች ውስጥ የነበረው መቀመጫ ይህ ነበር። መኪናዋ በምሕፃር ቴ ፔ ቬ ትባላለች። ከእነዚያ ሁሉ ዛሬ መኖራቸው የሚታወቀው በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ይህን ያነሳሁት አሮጌ መኪና እጁ የገባለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነካው ወንበሩን ስለሆነ ነው። ሞተሩ ያስፈራል፤ የላሜራው ሥራ ገንዘብ ይበላል። ወንበሩ ግን ያው ጨርቅና ስፖንጅ ነው፣ ጥቂት ቀን ታፒሴሪያ ቤት ቢያድር አምሮ ይወጣል ተብሎ ይታሰባል። አምሮ መውጣቱንስ ይወጣል። የሚወጣው ግን ያው የገባው ወንበር ነው ወይ? ይህን ለማየት ከሲትሮይን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፤ ያ ኩባንያ መቀመጫን ከጎማና ከሞላ እኩል የመኪናው አካል አድርጎ ሲሠራ የኖረ ነውና።

ነገሩ የሚጀምረው ከኪሳራ ነው። መሥራቹ አንድሬ ሲትሮይን በ1934 መጨረሻ ላይ ከሰረ፤ በተከታዩ ዓመት ሞተ። ኩባንያው ያለበትን ዕዳ ይዞ የጎማ አምራቹ ሚሽላን እጅ ገባ። ሚሽላን ካስቀመጣቸው ኃላፊዎች አንዱ ፒየር ዡል ቡላንዤ ሲሆን፣ ይህ ሰው መሐንዲሶቹን ሰብስቦ ለገጠሩ ገበሬ የሚሆን መኪና እንዲሠሩ አዘዘ። ትእዛዙ በመኪና ታሪክ ውስጥ ስመ ጥር ነው፦ ሁለት ገበሬዎችን ከነእንጨት ጫማቸውና 50 ኪሎ ድንች ትጫን፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ትሂድ፤ ለ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ቤንዚን ይብቃት። ደግሞም ቅርጫት ሙሉ እንቁላል ጭና በታረሰ ማሳ ላይ ብታልፍ አንድም እንቁላል አይሰበር።

እንቁላሉን ሁሉም ሰው የሚያነሳው ስለ መኪናዋ ሞላ ለማውራት ነው። እኔ ግን ቅርጫቱ የት ሊቀመጥ ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። ከወንበሩ ላይ ካልሆነ የት ይሆናል? ከድንጋዩ እስከ እንቁላሉ ድረስ ያለው መንገድ ጎማ፣ ሞላ፣ ላሜራ እያለ ይመጣና መጨረሻው መቀመጫው ነው። መቀመጫው ከተበላሸ ከሱ በፊት ያለው ልፋት ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

ቡላንዤ ረጅም ሰው ነበር። ኮፍያውን እንዳደረገ ናሙናዎቹ ውስጥ እየገባ ይቀመጥ እንደነበርና ጣሪያው ኮፍያውን የነካበትን ናሙና አልቀበልም ይል እንደነበር ይነገራል። ወሬው ተጋኖ ይሆናል፤ ቁም ነገሩ ግን እውነት ነው። ከመቀመጫው እስከ ጣሪያው ያለው ቁመት ታስቦበት የተወሰነ ልክ እንጂ እንዲያው የመጣ አልነበረም። ክብደትም እንደዚሁ። የሥራው መሪ አንድሬ ለፌቭር ቀድሞ አውሮፕላን ከሚሠራው ከቧዛን ዘንድ የመጣ መሐንዲስ ነው፤ ለአውሮፕላን ሰው ትርፍ ኪሎ ኃጢአት ነው። መኪናዋ በሙሉ ከ400 ኪሎ በታች ስትሆን ሞላ የታጨቀበት ከባድ ወንበር የሚገባበት ቦታ አልነበረም። ሸራውና ሽቦው የመጡት በዚህ መንገድ ነው። ለማማር ተብሎ የተደረገ አንድም ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም መኪናዋ ሕጉ ከአንድ በላይ የፊት መብራት ስለማያስገድድ አንድ ዐይና ሆና ነው የተሠራችው።

በኦክቶበር 1939 በፓሪስ የመኪና አውደ ርዕይ ላይ እንድትታይ ታስቦ ነበር። ሴፕቴምበር 3 ቀን ፈረንሳይ ጦርነት አወጀች፤ አውደ ርዕዩ ቀረ። ጀርመኖች ሲገቡ ቡላንዤ መኪናዋ በእጃቸው እንዳትገባ ስለፈለገ አብዛኞቹ ናሙናዎች ተሰባበሩ፣ ጥቂቶቹ ተደበቁ። ስለተደበቁት በኋላ እመለስበታለሁ።

ጦርነቱ አልፎ በኦክቶበር 1948 መኪናዋ በመጨረሻ ለሕዝብ ስትቀርብ ብዙ ነገሯ ተለውጦ ነበር። አሉሚኒየሙ በብረት ላሜራ፣ በውኃ የሚቀዘቅዘው ሞተር በአየር በሚቀዘቅዝ 375 ሲሲ ሞተር ተተክቷል። መብራቷም ሁለት ሆኗል። ስሟ ደ ሼቮ ተባለ። ጋዜጠኞች ሳቁባት፤ የቆርቆሮ መክፈቻ አብሮ ይሰጣል ወይ ብሎ የጠየቀም ነበር ይባላል። ሕዝቡ ግን ተራ ለመያዝ ተሰለፈ፤ ዓመታት የጠበቀ ብዙ ነው። እስከ 1990 ድረስ ስትመረት ኖረች።

በዚህች መኪና ውስጥ ከጣሪያ የሚወርደው ሽቦ የለም። ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ሰው በጠበበ መታጠፊያ ላይ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትምና ቢቀር አያስገርምም። ሐሳቡ ግን አልቀረም። የወንበሩ አጽም ከታጠፈ የብረት ቱቦ ነው፤ በቱቦው ላይ ጨርቅ ተወጥሯል። ጨርቁን ወደ ቱቦው የሚስበው የጎማ ቀለበት ነው። ወንበሩን ገልብጦ ከሥር ያየ ሰው ቀለበቶቹ ከነመንጠቆዎቻቸው ተራ ይዘው ተወጥረው ያገኛቸዋል። ሰው ሲቀመጥ እያንዳንዱ ቀለበት የደረሰበትን ክብደት ያህል ይለጠጣል፤ ከጭኑ ሥር ጥቂት፣ ከመቀመጫው ሥር ብዙ። አንዱ ብቻውን የሚሸከመው ነገር የለም። ባለቤቱ ጎማ ሻጭ የሆነ ኩባንያ ወንበሩንም በጎማ ማንጠልጠሉ አጋጣሚ ይሁን ሌላ እንጃ፣ ግን ደስ ይላል። ወንበሩ ቀላል ስለሆነ ያለ መፍቻ ተነቅሎ ይወጣል፤ ፈረንሳዮች እሑድ እሑድ ሜዳ ላይ አውጥተው ምሳ ይበሉበት ነበር።

ጥፋቱ የሚጀምረው ይህ ወንበር ሲያረጅ ነው። ጎማ በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። አንድ ቀለበት ሲበጠስ ጎረቤቶቹ ሸክሙን ይወስዳሉ፤ ጥቂት ቆይተው እነሱም ይበጠሳሉ። በተለይ የሹፌሩ ወንበር በበሩ በኩል ይሰምጣል፤ ሲገባና ሲወጣ የሚደገፈው በዚያ በኩል ነዋ። ባለቤቱ የሚያየው ግን ጨርቁ መርገቡን ብቻ ነው። ገልብጦ የሚያይ ጥቂት ነው። ስለዚህ ታፒሴሪያ ቤት ይወስደዋል፤ ሠራተኛው ደግሞ ሥራውን ያውቃልና የሚያውቀውን ይሠራል። ቀለበቶቹን አውልቆ ይጥላል፣ ቱቦው ላይ ጣውላ ያሳርፋል፣ ጣውላው ላይ ወፍራም ስፖንጅ ያስቀምጣል፣ ያንን ጥሩ ልብስ ያለብሰዋል። ወንበሩ ሞላ ብሎ፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ፎቶ ቢነሳ ከፋብሪካው ወንበር ይልቅ ያምራል።

ከዚያ መኪናዋን ይነዷታል። መቀመጫው በጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሏል፤ ስለዚህ ዐይን ከመስተዋቱ የላይኛው ጠርዝ ጋር ይገጥማል፣ ቡላንዤ ለኮፍያው የተጨነቀበት ክፍተት ጠፍቷል። የባሰው ግን ሌላው ነው። ደ ሼቮ የፊትና የኋላ ጎማዎቿ በየጎናቸው በአንድ የሞላ ሲሊንደር የተያያዙ ናቸው፤ ፊተኛው ጉድጓድ ሲያገኝ ኋለኛው ያውቃል። በዚህ የተነሳ መኪናዋ ቀስ እያለች ከፊት ወደ ኋላ ትወዛወዛለች። የሚለጠጠው ወንበር ያንን ውዝዋዜ ከሰውዬው ወገብ ጋር ያስታርቀዋል፤ ጣውላው ግን እንዳለ ያቀብለዋል። ባለቤቱ መኪናዋ ድሮም እንዲህ የምታንገላታ ይመስለዋል። ሞላዋን ይጠረጥራል፣ ጎማዋን ይጠረጥራል። ያማረውን ወንበር የሚጠረጥር የለም።

ቀለበቱ ዛሬም ለዚችው መኪና መለዋወጫ በሚሸጡ የአውሮፓ ሱቆች ይገኛል፤ ዋጋውም ከጥሩ ስፖንጅና ከጥሩ ልብስ አይደርስም። ቀለበት ጠፍቶ የአገሬ ሰው ካላማዳሪያ ቆርጦ ቢወጥርበት እንኳ ከጣውላው ይልቅ ለቡላንዤ ሐሳብ የቀረበ ሥራ ሠርቷል እላለሁ። መልኩ ላይመስል ይችላል፤ ሥራውን ግን ይሠራል።

ወደ ተደበቁት ልመለስ። ሲትሮይን ከፓሪስ በስተምዕራብ ላ ፌርቴ ቪዳም በተባለ ቦታ የራሱ የመፈተኛ ሜዳ ነበረው። በ1994 እዚያው ባለ አንድ ጎተራ ቆጥ ላይ ሦስት ቴ ፔ ቬዎች ተገኙ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አቧራ ሲጠጡ ኖረዋል። ከዚያ በፊት የተገኘ አንድ ናሙና ታድሶ ነበር፤ እንደ አዲስ ተቀብቶ፣ እንደ አዲስ ተለብጦ። ስለዚህ እነዚህንም ማደስ ይቻል ነበር፤ ገንዘቡም ባለሙያውም አልጠፋም። ኩባንያው ግን አልነካቸውም። ዝገታቸውን፣ አቧራቸውን፣ የተቀደደውን እንደያዙ አቆያቸው፤ ለትርኢት ሲወጡም እንደዚያው ሆነው ነው የሚታዩት።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ግር ይለዋል። እኛ ጋ የተቀደደን ነገር ለእንግዳ ማሳየት ነውር ነው፤ ቤት የሚጠረገው እንግዳ ሲመጣ ነው። ግን ነገሩን ከወንበሩ አንጻር እንየው። የታደሰው ናሙና የሚነግረን አዳሹ የገባውን ያህል ነው። ሸራው በየትኛው ክር ተሰፋ? ሽቦው ጫፉ ላይ እንዴት ተጠመዘዘ? ጠርዙ ስንት ጊዜ ታጠፈ? አዳሹ ይህን አስተውሎ ከሆነ ደግ፤ ሳያስተውል አልፎት ከሆነ ግን የጥያቄው መልስ ከአሮጌው ጨርቅ ጋር ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል፣ ማንም ሊያወጣው አይችልም። ያልተነካውን ናሙና ደግሞ ዛሬ ያልጠየቅነውን ጥያቄ ነገ ሌላ ሰው ሊጠይቀው ይችላል። የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ በምሕፃሩ ፊቫ፣ ከ2010 ወዲህ ያወጣው የቱሪን ቻርተር የሚባለው ሰነድም ከዚሁ የራቀ አይደለም፤ ለሕንፃ ቅርስ በ1964 ከወጣው ከቬኒስ ቻርተር ሐሳቡን ወስዶ፣ በተቻለ መጠን ያለውን ማቆየት፣ የተለወጠውን መመዝገብ ይላል።

እዚህ ላይ ግን አቧራ የሚያመልኩትን አልከተልም። ሦስቱ ቴ ፔ ቬዎች አይነዱም። የሚነዳ መኪና የሚያስቀምጥ ወንበር ያስፈልገዋል፤ የበሰበሰ ስፌት ላይ ተቀምጦ «ኦሪጅናል ነው» ማለት ጀርባን ከማሳመም በቀር ትርፍ የለውም። የሚነዳ መኪና ወንበሩ ይታደስ። ጥያቄው እንዴት የሚለው ነው፤ ለዚህ ደግሞ የእነዚያው የሲትሮይን ሰዎች ሌላ ሥራ የተሻለ ምሳሌ ነው።

በኦክቶበር 1955 ሲትሮይን ዲ ኤስን አወጣ። መሐንዲሱ ያው ለፌቭር፣ ቅርጿን የሠራው ያው የደ ሼቮን ቅርጽ ያወጣው ጣሊያናዊ ቀራፂ ፍላሚኒዮ ቤርቶኒ ነበር። በአውደ ርዕዩ የመጀመሪያ ቀን ብቻ 12,000 ያህል ሰው አዘዛት። በዚህች መኪና ላይ የብረት ሞላ የለም፤ ፖል ማዤስ በሠራው ዘዴ ዘይትና የታመቀ ናይትሮጅን ጋዝ ነው የሚሸከማት። ወንበሮቿም ከመኪናዋ የማይተናነሱ ነበሩ፦ በጣም ወፍራም፣ በጣም ለስላሳ ስፖንጅ፣ በላዩ ላይ የሚለጠጥ የናይለን ጀርሲ። ሥራ ተከፋፍለዋል ማለት ይቻላል። የመንገዱን ትልልቅ እብጠት ጋዙ ይውጠዋል፤ ጋዙን አልፎ የሚመጣውን ትንሽ ንዝረት ስፖንጁ ያስቀረዋል።

የዚያን ዘመን ስፖንጅ ግን ዕድሜ ጠገብ አይደለም። የአሮጌ ዲ ኤስ ወንበር ልብሱ ሲወልቅ ከሥሩ ቢጫ ፍርፋሪ ይረግፋል፤ ወለሉ፣ እጅ፣ አፍንጫ ሳይቀር ቢጫ ይሆናል። ያልረገፈው ክፍል በአውራ ጣት ሲጫኑት ተመልሶ አይነሳም፤ የጣቱ ጉድጓድ እዚያው ይቀራል። ይህንን ማስቀመጥ አይቻልም፣ መቀየር አለበት። እዚህ ላይ ነው ሁለት ስህተት የሚሠራው፣ ሁለቱም በቅን ልቦና።

አንደኛው ስፖንጁ ነው። ገበያ ላይ ስፖንጅ የሚሸጠው በዴንሲቲ ነው፤ ማለትም አንድ ሜትር ኩብ ስንት ኪሎ ይመዝናል በሚል። ዴንሲቲው ከፍ ያለው ቶሎ አይደቅም፣ ስለዚህ «ጥሩው» እሱ ነው ተብሎ ይገዛል። ነገር ግን ዴንሲቲና ጥንካሬ አንድ አይደሉም። ዴንሲቲው ከፍተኛ ሆኖ ለስላሳ የሆነ ስፖንጅ አለ፤ ዴንሲቲው ዝቅተኛ ሆኖ ደረቅ የሆነም አለ። ለዲ ኤስ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ በችኮላ የሚገባላት ግን አብዛኛውን ጊዜ ደረቁ ነው። ከዚያ ጋዙ የተሸከመውን ደረቁ ስፖንጅ መልሶ ያፈሰዋል።

ሁለተኛው ልብሱ ነው፤ ይሄኛው የበለጠ የተደበቀ ነው። ጀርሲ በሁሉም አቅጣጫ ይለጠጣል። ሰው ሲቀመጥ ጨርቁ አብሮ ይገባል፣ ስፖንጁም ይታዘዛል። በጀርሲው ፋንታ የማይለጠጥ ሰው ሠራሽ ቆዳ ተወጥሮ ከተሰፋ ግን ክብደቱን መጀመሪያ የሚይዘው ልብሱ ራሱ ይሆናል። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ የፈለገውን ያህል ለስላሳ ቢሆን ምንም አይፈይድም፤ ሰውዬው የተቀመጠው በተወጠረ ልብስ ላይ ነው። ስፖንጁን አጥብቀው የሚወቅሱ፣ ደግመው የሚያስቀይሩ ባለቤቶች ጥፋቱ ከላይ መሆኑን አይጠረጥሩም። ፋብሪካው ራሱ ቆዳ ለፈለገ ቆዳ አልብሷል፤ ስለዚህ ቆዳ በራሱ ነውር የለበትም። ግን የፋብሪካው ቆዳ ለመግባት ቦታ እንዲኖረው ሆኖ የተሰፋ ነው፤ ልስልስነቱን የሚወስነው ቅዱ ነው።

ሥራውን በትክክል የሚሠሩት ባለሙያዎች ምንም ሳይነቅሉ በፊት ይለካሉ። ወንበሩ ባዶ ሳለ ከወለሉ ስንት ከፍ እንደሚል፣ ሰው ሲቀመጥበት ስንት እንደሚወርድ። የሹፌሩን ወንበር ግን አያምኑትም። ብዙ የተቀመጡበት እሱ ነው፤ ረግቧል፣ ተለጥጧል። በአብዛኛው መኪና ውስጥ እውነቱን የሚናገረው ሰው እምብዛም የማይቀመጥበት የኋላው ወንበር ወይም የተሳፋሪው ነው። ልክ የሚወሰደው ከዚያ ነው።

ልብሱን ሲያወልቁም በመቀስ አይሸነትሩትም። ስፌቱን በምላጭ ጫፍ አንድ አንድ እየፈቱ ይለያዩታል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ወደ መኪናው አፍንጫ የሚያመለክት ቀስት በጠመኔ ይሰመርበታል፣ ቁጥር ይጻፍበታል። ጀርሲና ሌላም ብዙ ጨርቅ አቅጣጫ አለው፤ በተቃራኒው ከተቆረጠ ቀለሙ ጎን ለጎን ሲታይ ሁለት ዓይነት ይመስላል። አሮጌው ቁራጭ ለአዲሱ ቅድ ይሆናል፤ ግን እንዳለ አይደለም፣ ዓመታት ለጥጠውታልና በቀጥታ የተቀደደበት ልብስ ሰፍቶ ይጨማደዳል። የግራውና የቀኙ ቁራጭ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሮ ያነሰው ይወሰዳል፤ ያም ከስፖንጁ ጋር ተገናዝቦ ነው። ሙጫም በቁጠባ ነው። ስፖንጅ ውስጥ የሰረገ ሙጫ ሲደርቅ ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱ የሚገኘው ደግሞ ባልተጠበቀ ቦታ፣ ከጀርባ አጥንት ትይዩ ነው። አሮጌው ልብስ ሥራው ካለቀ በኋላ አይጣልም። ተጣጥፎ፣ ቀኑና የሠራው ሰው ስም ተጽፎበት፣ ከመኪናው ሰነድ ጋር ይቀመጣል። ይህ የመጨረሻው ወጪው አንድ ከረጢት ነው፤ እንደሱ የሚዘለል ግን የለም።

ደ ሼቮም ሆነች ዲ ኤስ እዚህ አገር ብርቅ ናቸው። ቮልስ ግን አለን። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም ቮልሳቸውን ከልጃቸው ለይተው የማያዩ ሰዎች አሉ፤ ወንበሩን ማሳደስም የፍቅራቸው አንዱ መግለጫ ነው። አንድ ታፒሴሪያ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ይህንኑ ሲሠራ አይቻለሁ። ወጣቱ ሠራተኛ የፊት ወንበሩን ልብስ ሲገፍ ከሞላዎቹ በላይ የተነጠፈ ቡናማ ቃጫ ወጣ። ከኮኮናት ፍሬ ልጣጭ የተሠራ፣ በጎማ የተያያዘ ምንጣፍ ነው፤ ሞላው ልብሱን እንዳይበሳ ይከላከላል፣ አየር ያሳልፋል፣ ከሞላው ጋር አብሮ ይተነፍሳል። ልጁ በሁለት ጣቱ ያዘና ወደ ባለቤቱ፣ ሸምገል ወዳሉት ሰው ዞረ።

«ጋሼ፣ ይቺን ቃጫ እንጣላትና ጥሩ ስፖንጅ ላድርግልዎት?»

«አድርግልኝ እንጂ የኔ ልጅ፣ ዕድሜ ይስጥህ።»

ሁለቱም ደግ ሰዎች ናቸው። ልጁ ርካሽ የመሰለውን በተሻለ ሊለውጥ ነው፤ ጋሼም ለመኪናቸው የሚሰስቱት ነገር የለም። ቃጫው ከጥቂት ቦታው በቀር ደኅና ነበር፤ የተጎዳውን ብቻ በቁራጭ መሙላት ይበቃ ነበር። ይህን በማለቴ ቃጫው ተረፈ። ጋሼ ቅር ያላቸው ይመስለኛል፤ አዲስ ነገር ፈልገው ነበር የመጡት።

የኋላው ወንበር ሲነሳ ግን ጨዋታው ተለወጠ። ቮልስ ባትሪዋ የምትቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። የወንበሩ ሥር ደግሞ ባዶ የብረት ሞላ ነው። በመካከላቸው ያለው የባትሪው ክዳን ብቻ ነው። ክዳኑ ከጠፋ፣ ወይም ሞላው ረግቦ ከወረደ፣ ኋላ ወፈር ያለ ሰው ሲቀመጥ ሞላው ሁለቱን የባትሪ ፖሎች ያገናኛል። ብልጭታው የሚያርፈው ከላዩ ባለው ደረቅ ቃጫ ላይ ነው። በዚህ መንገድ ወንበራቸው የተቃጠለ ቮልሶች በዓለም ዙሪያ ብዙ ናቸው፤ የመኪናዋ ወዳጆች ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው። እዚያ ግን ክዳኑ ከተነቀሉት ቡሎኖች ጋር ጥግ ላይ ተጥሎ ነበር። ልጁ ቆሻሻ መከለያ መስሎታል፤ ማን ነግሮት? ወንበር ሠሪው የሚያውቀው ጨርቁንና ስፖንጁን ነው፤ ባትሪው የኤሌክትሪሺያን ጉዳይ ነው፣ ኤሌክትሪሺያኑ ደግሞ ወንበር አይነካም።

ይህን ስነግረው ልጁ ክዳኑን አነሳው፣ አገላበጠው፣ በጨርቅ ጠርጎ ባትሪው ላይ መልሶ ገጠመው። ከላዩ ላይ ከአሮጌ የመኪና ምንጣፍ የተቆረጠ ወፍራም ጎማ ጨመረበት። ይህን ማንም አላዘዘውም። ከዚያ ምንም ሳይናገር ግቢው ውስጥ ሥራዋ አልቆ ባለቤቷን ወደምትጠብቅ ሌላ ቮልስ ሄዶ አዲስ የለበሰውን የኋላ ወንበር ብድግ አደረገ። ክዳን የላትም።

«ይቺን ማን ነው የሠራት?» አለ ወደ ውስጥ እየጮኸ።

«እኛው ነን» አለው አለቃው ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ሳይል። «ምን ጎደላት?»